አንድ ከረጢት ሲሚንቶ አራት ጊዜ የሚነሳው ለምንድን ነው?

ለተከበራችሁ የግንባታ ዕቃ አከፋፋዮችና የመጋዘን ባለቤቶች፦

ሲሚንቶ ተወደደ ብላችሁ ስታማርሩ እሰማለሁ፤ እውነታችሁን ነው። ግን ከፋብሪካ እስከ በራችሁ ድረስ በሳንቲም የምትከራከሩበት ዕቃ በሩን ካለፈ በኋላ ማን ዞር ብሎ ያየዋል? የመጋዘን ኃላፊ ስትቀጥሩ «እጁ ንጹሕ ነው?» ብላችሁ ትጠይቃላችሁ። ደግ አደረጋችሁ። ዕቃ አቀማመጥ ያውቅ እንደሆነ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም።

እኔ በዚሁ ሥራ ያደግሁ ሰው ነኝና ያየሁትን ልንገራችሁ። ባለተሳቢው 400 ኩንታል ጭኖ ማለዳ በር ላይ ጥሩንባውን ይነፋል። የመጋዘኑ መግቢያ በፌሮ ተዘግቷል። ፌሮው «ለጊዜው እዚህ ይሁን» ተብሎ የተጣለ ነው፤ ወር አልፎታል። ስለዚህ ሲሚንቶው ግቢ ውስጥ ሸራ ላይ ይወርዳል። ፌሮው ከተነሳ በኋላ ተሸክመው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ሴራሚክ ሲመጣ ደግሞ ቦታ ይልቀቅ ተብሎ ከግራው ግድግዳ ወደ ቀኙ ይዛወራል። በመጨረሻ ገዢ ተገኝቶ ይጫናል። 400 ኩንታል ማለት ባለ 50 ኪሎ 800 ከረጢት ነው። አራት ጊዜ ሲነሳ 3,200 ሸክም ይሆናል፤ 160 ቶን! ማውረዱና መጫኑ የግድ ነው። የቀረው 80 ቶን ግን አንድ ብር ሳያስገኝ የሰው ወገብ የጨረሰ ሸክም ነው።

«የጫኝና አውራጅ ዋጋ ስንት ነውና!» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ከረጢቱ በተነሳ ቁጥር ይቀደዳል። የፈሰሰውን በመጥረጊያ ሰብስቦ ባሮጌ ከረጢት ሞልቶ የሚሸጥም አለ፤ እሱን ዛሬ ባላነሳው ይሻላል። መኪናውም ቆሞ በዋለበት ሰዓት ሌላ ጭነት ማምጣት ይችል ነበር። ስለ ሰዎቹም ካነሳን፣ የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአዋቂ ወንድ ሠራተኛ የሸክም ጣሪያ አድርጎ ያስቀመጠው 55 ኪሎን ነው። የእናንተ ከረጢት ለጥቂት ያልፋል። የ100 ኪሎ ጆንያ የሚያሸክሙት የእህል ነጋዴዎች ሌላ ደብዳቤ ያስፈልጋቸዋል።

ከሁሉ የሚብሰው ግን አዲሱ ሲሚንቶ ከአሮጌው ፊት መደርደሩ ነው። ለሽያጭ የሚወጣው ሁልጊዜ የፊተኛው ይሆናል። ኋላ ያለው ግድግዳ ተደግፎ፣ ባዶ ወለል ላይ ተኝቶ እርጥበት ይስባል፤ ወራት በቆየ መጠን ጥንካሬው ይቀንሳል፤ የታችኛው ረድፍ ጭራሹን ይጠጥራል። ያንን ከረጢት መሬት ላይ ፈጥፍጦ «ይኸው ፈረሰ፣ ጤነኛ ነው» ብሎ የሚያስረክብ ሻጭ አይቻለሁ። በሰው ምሰሶ እንዲህ አይቀለድም።

አንዳንዶቻችሁ መፍትሔ ብላችሁ ፎርክሊፍት ገዝታችኋል። ወለሉ ኮረኮንች፣ መተላለፊያው ጠባብ፣ ፓሌት የሚባል ነገር የለም፤ ፎርክሊፍቱ ጥግ ቆሞ የዘበኛው ካፖርት መስቀያ ሆኗል። ችግሩ የማሽን አይደለም። ቢሮ ውስጥ ያለው ሰው ይገዛል፣ መጋዘን ውስጥ ያለው ሰው የተገዛውን የሚያውቀው ጥሩንባ ሲነፋ ነው። የዕቃው መምጫ ቀድሞ ቢነገረው ኖሮ ፌሮውን ባነሳ፣ ቦታውን ባዘጋጀ ነበር።

የምጠይቃችሁ ብዙ ወጪ የለበትም። ወለሉ ላይ በቀለም መስመር አስምሩና ለየዕቃው ቦታ ወስኑ፤ መግቢያው ላይ ምንም እንዳይቀመጥ ከልክሉ። ከሲሚንቶው ሥር ጣውላ አንጥፉ፤ ከግድግዳ አርቁት፤ ከአሥር ከረጢት በላይ አትደርድሩ። ቀድሞ የገባው ቀድሞ እንዲወጣ በሁለቱም ወገን ሰው የሚያልፍበት ቦታ ተዉ፤ የገባበትንም ቀን ክምሩ ላይ ጻፉ። ከሁሉ በፊት ግን የሚቀጥለው መኪና ከፋብሪካ ሳይነሳ ለመጋዘን ኃላፊያችሁ ደውሉና «የት ታወርደዋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ከሌለው መኪናው አይነሳ።