የፓይል አተካከል ዘዴ በአፈር ባሕርይ ላይ የሚያሳድረው ተጽዕኖ

በኮልፌ ቀራኒዮ ክፍለ ከተማ አንዳንድ ሥፍራዎች የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳና ወለልንም ለስንጥቅ ይዳርጋል። በእንዲህ ያለ ቦታ የሚገነባ ሕንፃ መሠረቱ በፓይል ወደ ጠንካራው የምድር ንብርብር እንዲደርስ ሊደረግ ይችላል። ይሁን እንጂ የፓይሉ የመሸከም አቅም በአተካከሉም ይወሰናል።

ውስጠ ክፍት የብረት ፓይል በመዶሻ ወይም በንዝረት ሲተከል አፈሩ በቀላሉ ወደ ውስጡ ይዘልቃል። በዝግታ ተገፍቶ ሲገባ ግን አፈሩ ተጠቅጥቆ እንደ ውታፍ ስለሚዘጋው የጫፉ አቅም ይጨምራል። በአዲስ አበባ የተለመደው ተቆፍሮ በኮንክሪት የሚሞላ ፓይል ደግሞ ጉድጓዱ ክፍት ሆኖ ከቆየ ወይም ውኃ ከገባበት ዙሪያው ያለው አፈር ይላላል።

ስለሆነም አልሚዎች ከአፈር ምርመራው ውጤት ጋር የአተካከሉን ዘዴ የሚገልጽ ሰነድ ከአማካሪ መሐንዲሳቸው ሊጠይቁ ይገባል።