ሦስተኛውን ሰው ያስወረደ ወንበር

ያረጀ ፒክአፕ ያለው ሰው እጁ ላይ ትንሽ ገንዘብ ሲገባ ዓይኑን የሚጥለው ጋቢናው ላይ ሆኗል። የዱሮውን ረጅም ወንበር ያስነቅልና ከተጋጨ የቤት መኪና የወጡ፣ በኤሌክትሪክ የሚንቀሳቀሱ ሁለት ባለቆዳ ወንበሮች ያስገጥማል። ማብሪያውን ሲነኩት ወንበሩ ዝዝ እያለ ወደፊት ይሄዳል፣ ከፍ ይላል፣ ይጋደማል። ያየ ሁሉ «መኪናዋን አዲስ አደረጋት» ይለዋል። አላደረጋትም፤ አጎደላት።

ፍላጎቱ ከየት እንደመጣ ይገባኛል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ሰቀለው። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። ከፀዳ ከተማ ጤፍና ሽንብራ ጭኖ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ የሚያራግፍ አሮጌ ሃይሉክስ በቀላሉ ተተኪ አያገኝም፤ ገና ብዙ ዓመት ይሠራል። ስለዚህ ያለውን መንከባከብ ብልህነት ነው። ክርክሬ እንክብካቤው ከየት ይጀምር በሚለው ላይ ነው።

«ለምን ቀየርከው?» ሲባል ከሚሰጡት መልሶች «ወገቤን አሳረፈኝ» የሚለው ከሁሉም ይከብዳል። የሊማሊሞን ዳገት ለሚወጣና ለሚወርድ ሹፌር የወገብ ነገር ቀልድ አይደለም። ነገር ግን የወንበሩ ሞተር ሥራ ወንበሩን ማንቀሳቀስ ነው እንጂ የመንገዱን ንጠት መዋጥ አይደለም። ወገብ የሚጎዳው ስፖንጁ ስላለቀ፣ የወንበሩ ሞላ ስለሞተ፣ ባሌስትራው ስለደረቀ፣ ጎማው ከልኩ በላይ ስለተነፋ ነው። የመጣው ወንበር ቢመችም የተመቸው ስፖንጁ ስላልሞተ ነው፤ ስፖንጅ ደግሞ ታፒሴሪያ ቤት በልክ ይሠራል። በኤሌክትሪክ ማስተካከል የሚጠቅመው አንዱን መኪና ብዙ ሰው ሲፈራረቅበት ነው። የፀዳው ፒክአፕ ሹፌር ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሰው ነው። ወንበሩን አንዴ በልኩ ካቆመው በኋላ ማብሪያውን የሚነካው ለእንግዳ ለማሳየት ነው።

የባሰው ነገር ያለው ከወንበሩ ሥር ነው። ወንበር በግጭት ጊዜ ሰውን ይዞ የሚያስቀር የመኪናው አካል ነው። በተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 17 መሠረት ወንበርና ማያያዣው ከስበት 20 እጥፍ የሚሆን ጉልበት ችለው መቆም አለባቸው። 30 ኪሎ የሚመዝን ወንበር በግጭቱ ቅጽበት በ600 ኪሎ ጉልበት ወደፊት ይስባል ማለት ነው። በብዙ አዳዲስ መኪኖች የቀበቶው መቆለፊያ ወንበሩ ላይ ስለሚታሰር የተቀመጠው ሰው ክብደትም እዚያው ላይ ይደመራል። ይህን እንዲሸከም አምራቹ አስልቶ ያበጀው ወለልና ቡሎን አለ። የሌላ መኪና ወንበር ሐዲድ ግን ከፒክአፑ ቀዳዳ ጋር ስለማይገጥም በያጁ አንግል ብረት ቆርጦ ዝገት በበላው ላሜራ ላይ ይበይደዋል። ሲነቀንቁት አይነቃነቅም፤ «ጠንካራ ሥራ» ተብሎም ይከፈልበታል። በእጅ መነቅነቅና 600 ኪሎ ግን አይገናኙም።

ሽቦውም ሌላ ጣጣ ነው። ከባትሪ ያለ ፊውዝ በቀጥታ ተስቦ በሐዲዱ ሥር ያለፈ ሽቦ ወንበሩ ወዲያና ወዲህ ባለ ቁጥር ልባሱ ይፋቃል፤ መዳብ ከብረት ሲገናኝ የሚከተለው እሳት ነው። ወንበሩ የጎን ኤርባግ ያለው ከሆነ ውስጡ በፍንዳታ የሚሠራ ዕቃ አለ፤ ሶኬቱን ቆርጦ መጣል ዕቃውን አያስወግደውም። ሞተር የተሸከመው ሐዲድ ከፍ ያለ ስለሆነም ሹፌሩን ወደ ጣሪያው ያስጠጋዋል፤ ፍሪሲዮን በረገጠ ቁጥር ጉልበቱ ከመሪው ጋር ይጣላል።

ከሁሉ የሚያስቆጨኝ ግን ሦስተኛው ሰው ነው። ባለአንድ ረጅም ወንበር ጋቢና ሹፌሩን ጨምሮ ሦስት ሰው ይይዛል። በደጋው መንገድ ያ መካከለኛ ቦታ ምጥ የያዛት ሴት፣ ለሕክምና ጎንደር የሚሄዱ አዛውንት፣ እህላቸውን ያስጫኑ እናት የሚቀመጡበት ነው። ሁለቱ ወንበሮች ከገቡ በኋላ ለእነዚህ ሰዎች የሚቀረው ወይ መቅረት ወይ ከኋላ ጭነቱ ላይ መውጣት ነው። ሹፌሩ የተመቸው ሌላው ሰው ወደ አደገኛው ቦታ ስለተሸጋገረ ነው ማለት ነው። ፒክአፕ ላይ ትይዩ አግዳሚ ተገጥሞላቸው አዲስ አበባን ያመላለሱት የዱሮዎቹ ውይይት ታክሲዎች በደኅንነታቸው አይመሰገኑም፤ ቢሆንም ወንበራቸው የተቀየረው ሰው ለመጨመር ነበር። የዛሬው የሚቀየረው ሰው ለመቀነስ ነው።

«መኪናው የራሱ ነው፤ ምን አገባህ?» የሚል ይኖራል። መኪናው የራሱ ነው፤ አጠገቡ የሚቀመጠው ሰው ነፍስ ግን የራሱ አይደለም። በሕግ መሠረት የሚደረገው የተሽከርካሪ ምርመራም ቢሆን ፍሬንና መብራት አይቶ ማለፍ የለበትም። መርማሪው ጎንበስ ብሎ የወንበሩን ማያያዣ ይይ፤ የተበየደ አንግል ብረት ካገኘም ቦሎውን ይያዝ።

ለባለፒክአፑ ደግሞ የገንዘቡ ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ መጀመሪያ ፍሬንና ጎማ፣ ከዚያ የወለሉ ዝገትና የወንበሩ ቡሎን፣ ከዚያ ባሌስትራ፣ በመጨረሻ ስፖንጅና ልባስ። ይህን ሁሉ ጨርሶ ገንዘብ የተረፈው ካለ ለመካከለኛው ተቀማጭ ደህና ቀበቶ ያስገጥም።