አለቃን ለቀልድ ብቻ አንስጥ

ወረታ መናኸሪያ አውቶቡሱ እስኪሞላ ቆመን ስንት «የአለቃ» ቀልድ ሰማን! ግማሹ መጠጥ ቤት የተፈለሰፈ ነው። የብልግና ንግግር ሁሉ ባለቤት ሲያጣ «አለቃ ገብረ ሐና አሉ» ይባላል፤ በቃ። እኛም ተማሪ ነን ባዮቹ ይህንኑ ይዘን ግቢ እንገባለን። ለመሆኑ ሰውየው ማን ነበሩ? ብሎ የሚጠይቅ የለም።

እስቲ እንጠይቅ። አለቃ የዚሁ የፎገራ ሰው ናቸው፤ ትውልዳቸው ናበጋ ጊዮርጊስ፣ ጣና ዳር። የጎንደር በአታ አለቃ የነበሩ፣ በኋላም በአጤ ምኒልክ ዘመን ሸዋ ድረስ የዘለቁ ሊቅ ናቸው። ዛሬ «የተክሌ» የምንለው ዝማሜ መነሻው እሳቸው ናቸው፤ የጣና ማዕበልና የደንገሉ መወዛወዝ ሐሳቡን እንዳመጣላቸው ይተረካል። የጎንደር ሊቃውንት አንቀበልም ቢሏቸው ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት ይባላል፤ ተክሌም ደብረ ታቦር ላይ አስፋፋው፤ ስሙ የልጅየው ሆኖ ቀረ። ደብረ ታቦር ደግሞ ከወረታ መገንጠያ ታጥፈን የምንደርስባት ናት እንጂ ሩቅ አገር አይደለችም! ታዲያ ፎገራ ሲባል ሩዙና ከብቱ ብቻ ትዝ የሚለን ለምንድን ነው?

አንዳንድ ወንድሞቻችን ደግሞ «ቀልድ ሥነ ጽሑፍ አይደለም፤ መጽሔታችንን ያራክሳል» ይላሉ። ኧረ ተዉ! አለቃ አህያ የሚነዳ ሰው አግኝተው፣ «እንደምን ዋልክ» በማለት ፈንታ «እንደምን ዋላችሁ» አሉት ይባላል። በአንዲት የብዙ ቁጥር ሰውየውንና አህያውን እኩል አደረጓቸው። ይህ ቅኔ ቤት የሰላ ጆሮ ነው። በእንግሊዝኛ ቢገለብጡት ሳቁ እዚያው ይሞታል።

ጳውሎስ ኞኞስ? ከአራተኛ ክፍል ያላለፈው ጋዜጠኛ በአዲስ ዘመን «አንድ ጥያቄ አለኝ» ዓምዱ አንባቢውን እያሳቀ አስተማረ፤ ይኸው ሰው በ1984 ዓ.ም. ከማረፉ በፊት ስለ አጤ ቴዎድሮስና ስለ አጤ ምኒልክ ዳጎስ ያሉ መጻሕፍት ጽፏል። ቀልዱ ከቁም ነገር አላገደውም። የጳውሎስ ዕድሉ ግን መታተሙ ነው፤ የሱን ቃል ማንም እንደፈለገ አያጣምመውም፣ ጋዜጣው አለና። የአለቃ ግን በአፍ ቀረ፣ ያገኘ ሁሉ ቆሻሻውን ደፋበት።

ስለዚህ ክረምት ላይ ወረታ፣ ናበጋ፣ ደብረ ታቦር የምንገባ ሁሉ ደብተር እንያዝ። መሪጌታዎቹንና ሽማግሌዎቹን እንጠይቅ፤ ማን ነገረን፣ እሱስ ከማን ሰማ፣ አብረን እንጻፍ። መስከረም ላይ እዚሁ ገጽ ይውጣ። ተናጋሪው የማይታወቅ ቀልድ የአለቃን ስም ለብሶ ቢመጣ ግን አናትምም።