ስለ ሳልሞን ዓሣ የልብ ሥር ሕመም

በሬ የሚገዛ ሰው ሥጋውን ብቻ አይቶ አይገዛም፤ ጥርሱን ያያል፥ ሰኰናውን ያነሣል፥ አረማመዱንም ይመለከታል። ዓሣ በማርባት የበለጸጉት አገሮች ግን ከኹሉ አስቀድመው የሚመለከቱት ክብደቱንና የሚያድግበትን ፍጥነት ነው። ይህ ልማድ የሚያስከትለውን ኪሣራ በሳልሞን ልብ ላይ ማየት ይቻላል።

የሳልሞን ልብ የውስጠኛው ሥጋ እንደ ሰፍነግ ስለ ኾነ በውስጡ ከሚያልፈው ደም ይመገባል። የውጭው ግን ጥቅጥቅ ያለ ነውና በስንጥብ አየር የተቀበለውን ደም የሚያመጣለት የራሱ ሥር አለው። (ብዙ የዓሣ ወገን ይህ ሥር የለውም፤ ስለዚህ ነገሩ ለዓሣ ኹሉ የሚነገር አይደለም።) ሥሩ ከልብ በሚወጣው ሰፊ የደም መውጫ ላይ ተጣብቆ ያልፋል፤ መውጫውም ልብ በመታ ቍጥር ይነፋል። ሊቃውንት እንደሚገምቱት ሥሩ ዘወትር ሲወጠር የውስጥ ግድግዳው ይጐዳል፤ በጕዳቱም ላይ ሥጋ እየበቀለ የደሙን መንገድ ያጠበዋል። በሰው እንደሚኾነው ስብ የሚከማችበት ሕመም አይደለም።

ፋረል የተባሉት የካናዳ ሊቅ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ የሕመሙ ምክንያት እርጅና ነው ወይስ ፈጥኖ ማደግ ብለው ጠይቀዋል። ሕመሙ በዱሩ ሳልሞንም ስለሚገኝ ጥፋቱን ኹሉ በእርባታው ላይ መጫን ፍርድ ማጓደል ነው። ኾኖም ፈጥኖ ማደግ ሕመሙን እንደሚያብሰው የሚያሳይ ማስረጃ አለ፤ የእርባታው ሳልሞን ልብም እንደ ዱሩ ሹል መኾኑ ቀርቶ ወደ ክብነት ያዘነብላል።

ዓሣው በጸጥታ ሲውል ይህ አይታወቅም። ውኃው ሲሞቅ፥ የባሕር ቅማል ሊያራግፉለት ሲያጨናንቁት፥ በመርከብም ሲያጓጕዙት ግን ልቡ ብዙ ደም ይሻል፥ የጠበበውም ሥር አያደርስለትም። በኖርዌይ በ2023 እ.ኤ.አ. ከባሕር እርባታ 62.8 ሚሊዮን ያህል ሳልሞን፥ ማለት ከመቶ 16.7 እጅ፥ ሞቷል። ተላላፊ በሽታና ቅማል በማራገፍ የሚደርስ ጕዳት ከዋነኞቹ ምክንያቶች ናቸውና ይህን ኹሉ ለልብ ሕመም መስጠት አይገባም፤ ነገር ግን ልበ ደካማ ዓሣ ሌላውን መከራ እንዴት ይችላል?

አርቢዎች፥ ዕድገቱ ቢዘገይ መኖው ይበዛብናል ይላሉ። እውነት ነው። ነገር ግን ለገበያ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው የሞተ ዓሣ መኖውን ኹሉ በልቶ ጨርሷል፥ የሚመልሰውም ዋጋ የለም።

የሳልሞን ዘመድ የኾነው ትራውት ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞች ውስጥ ይገኛል፤ ይህ የሥር ሕመም በትራውትም ታይቷል። ስለዚህ ትራውት ላርባ ብሎ ፈቃድ የሚጠይቅ ሰው ሲቀርብ፥ ሹሙ ስንት ኵንታል ታወጣለህ ብሎ ብቻ አያሰናብተው። የሞተውን በየወሩ እንዲቈጥር፥ ሲሞት ውኃው ምን ያህል ሞቆ እንደ ነበረ እንዲጽፍ፥ ከሞቱትም ጥቂቱን ከፍቶ ልቡን ለእንስሳት ሐኪም እንዲያሳይ በፈቃዱ ወረቀት ላይ ይጻፍበት።