«ግማሽ ሐኪም» የሚለው ስድብ ይቅር

በግቢያችን ውስጥ ጤና መኮንኖችን «ግማሽ ሐኪም» ብሎ መጥራት የተለመደ ሆኗል። ቃሉ በቀልድ መልክ ቢነገርም ውሎ አድሮ ወደ አሳባችን፥ ከአሳባችንም ወደ ሥራ ምርጫችን የሚገባ ስለ ሆነ ዛሬ በዚህ አምድ ልንነጋገርበት ወደድን። ጥያቄያችን አጭር ነው፤ ሐኪም ሙሉ የሚሆነው በትምህርቱ ዘመን ርዝመት ብቻ ነውን? ወይስ በሽተኛው በሚፈልገው ሰዓትና ቦታ በመገኘቱ ጭምር ነው?

መልሱን ለማግኘት ከክፍላችን ወጥተን ወደ ራያ ቆላ እንውረድ። ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በመቐለ መንገድ ላይ ትገኛለች፤ በስተምሥራቋ የዞብል ተራራ አለ። አገሩ ማሽላ የሚያበቅል ለም ሜዳ ነው፤ ነገር ግን ወባ የሚመላለስበትም ነው። በክረምት እነ ሆርማትና ጎሊና ሲሞሉ፥ ምጥ የጠናባትን እናት በቃሬዛ የተሸከሙ ጎረቤቶች ውኃው እስኪጎድል ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ቆቦ ደርሰውም «ወደ ወልድያ ውሰዷት» ከተባሉ፥ ደም እየፈሰሳት ሌላ 50 ኪሎ ሜትር ይቀራታል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በሕክምናም ይሠራል።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1953 ደምቢያን የወባ ወረርሽኝ ከመታው በኋላ፥ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንኑ፥ የማኅበረሰብ ነርሷና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ሠራተኛው እዚያ ሰልጥነው፥ በቡድን ሆነው ወደየጤና ጣቢያው ይወጡ ጀመር። አራት ዓመት ቆይቶ በ1958 በአገራችን በተነሣው ታላቅ የወባ ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150,000 ያህሉ እንደ ሞተ ይገመታል። እንዲህ ያለ መከራ በሚወርድበት አገር፥ ሐኪም በብዛት እስኪመረቅ ድረስ ሕዝቡ ይጠብቅ ማለት አይቻልም ነበር።

ባለጸጋይቱ አሜሪካ እንኳ ወደዚህ አሳብ የመጣችው ከጎንደር በኋላ ነው። የዱክ ዩኒቨርስቲ ከባሕር ኃይል የተሰናበቱ አራት የሕክምና ባለሙያዎችን ተቀብሎ «የሐኪም ረዳት» የሚባለውን ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። ዛሬ እንደ ማርኬትና እንደ ሴይንት ሉዊስ ያሉ የካቶሊክ ዩኒቨርስቲዎች ሳይቀሩ ይህንኑ ሙያ ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ በማስተርስ ደረጃ ያስተምሩታል። እዚያ በክብር የሚሰጠው ትምህርት እዚህ ስለምን መቀለጃ ይሆናል?

በአገራችንም እ.ኤ.አ. በ2009 ልምድ ያላቸውን ጤና መኮንኖች ለሦስት ዓመት በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማህፀን ሕክምና የሚያሰለጥን የማስተርስ ትምህርት ተጀምሯል። ሰልጣኞቹ እናትን በቀዶ ሕክምና ያዋልዳሉ፤ የተቀደደ ማህፀን ይጠግናሉ፤ የተቋጠረ አንጀት ይፈታሉ።

አንዳንድ መምህራን «የሕመምተኛ ሕይወት ባልተሟላ ዕውቀት አይሞከርበትም» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ለዚህ ፍርሃት መድኃኒቱ ጥብቅ ስልጠና፥ የሐኪም ቁጥጥርና የሥራን ወሰን ማወቅ እንጂ ንቀት አይደለም። ደግሞም ንጽጽሩ በጤና መኮንኑና በስፔሻሊስቱ መካከል ቢሆን ኖሮ ክርክሩ ባላስፈለገ ነበር። በሌሊት በገጠር ግን ምርጫው ብዙ ጊዜ በጤና መኮንኑና በባዶ ክፍል መካከል ነው። በሞዛምቢክ የተደረገ ጥናት ይህን ያስረዳል። ወደ ገጠር ሆስፒታሎች ከተመደቡት የቀዶ ሕክምና ቴክኒሻኖች ከሰባት ዓመት በኋላ 88 ከመቶው እዚያው ሲገኙ፥ ከሐኪሞቹ ግን አንድም አልተገኘም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፥ ለዚህ ከፍተኛ ትምህርት ሰው ሲመረጥ በቆላው ተወልዶ ያደገ ወይም እዚያ ቆይቶ ያገለገለ ይቅደም፤ የአገሩን ጠባይ የሚያውቅና ሽማግሌዎቹ የሚሰሙት ሰው ቶሎ አይሸሽምና። ሁለተኛ፥ የሰለጠነው ሰው ብቻውን አይላክ። የሚያደነዝዝ ባለሙያ፥ የሚሰጥ ደምና የማይቋረጥ መብራት ከሌለ ቢላዋ የያዘ እጅ ምን ይሠራል? በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በሰሜን ወሎ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፥ ተጎድተዋልም፤ ሰውን መመደብ ዕቃን ከመተካት ጋር መያያዝ አለበት። ሦስተኛ፥ ደመወዙና የዕድገቱ መንገድ ከፊቱ አይዘጋበት። ለብዙ ዓመት ሌሊት የሠራ ጤና መኮንን ወደ ሐኪምነት ትምህርት ለመግባት ቢፈልግ ያገለገለው ዘመን ይቆጠርለት።

ወንድሞችና እኅቶች፥ ይህን ሁሉ መንግሥትና ዩኒቨርስቲዎች ይፈጽሙት ዘንድ እንጠይቃለን። ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረን ግን የማንንም ፊርማ አይጠብቅም። ነገ በአንድ ሆስፒታል ከጤና መኮንን ጋር ስንመደብ፥ የምናውቀውን እናስተምረው፤ እርሱ ከእኛ በፊት በዚያ ሌሊት ቆሞ የተማረውንም እንጠይቀው። «ግማሽ ሐኪም» የሚለውን ቃል ግን ከዛሬ ጀምሮ ከአፋችን እናውጣው።