ማንዶሊን ከአምስተኛው ፍሬት በላይ

የአየለ ማሞን ማንዶሊን እየሰማን ያደግን የአራዳ ሰዎች ጆሯችን አስቸጋሪ ነው፤ በ1927 ዓ.ም. በተመሠረተው ሀገር ፍቅር አካባቢ ማንዶሊን የያዘ ወጣት ስናይ ደስ ቢለንም፣ ጣቶቹ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ፍሬቶች አልወጣ ሲሉ እንበሳጫለን። ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብለው የሚቃኙት አራቱ ጥንድ ክሮች በጣት ሳይያዙ እንኳ ሁሉም በዶ ትዝታ ሜጀር ውስጥ ይገኛሉ፤ ለሰነፍ ከዚህ የበለጠ ምን ይመቻል! ድምፃዊቷ «ትንሽ ከፍ አድርግልኝ» ያለች ዕለት ግን ጉድ ይፈላል። መፍትሔው ልቅ ክር ሳይመቱ ቅኝቱን ወደ ላይ መለማመድ ነው፤ ክሮቹ እርስ በርስ በእኩል ርቀት ስለተቃኙ አንድ የጣት አካሄድ በየትኛውም ፍሬት ላይ ያገለግላል። በአርፔጅዮ ጉዳይ ግን ከአውሮፓ የመለማመጃ መጻሕፍት ጋር አልስማማም። ዶ-ሚ-ሶል ለትዝታ ሜጀር ያምራል፤ አምባሰል ውስጥ ግን ሚ የሚባል የለም፣ ስለዚህ ዶ-ፋ-ሶል እያሉ መውጣት ይሻላል። አንቺሆዬማ ሶልንም በቢሞል ስለሚወስዳት የራሱን መሰላል ይፈልጋል፤ እሱን ደግሞ የሚያስተምር መምህር ቀስ አድርጎ፣ ለብቻው ቢይዘው እመርጣለሁ።