ከኬላው ይመለስ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ይፋግ የታወቀ ገበያና የቀረጥ ኬላ ነበረች፤ የነጋዴ ጭነት የሚቀረጠው እዚያው ኬላው ላይ ነበር። የኢሜይል ሰርቨርም እንዲያ ቢሆን እላለሁ። ላኪው የተቀባዩን አድራሻ እንደጠራ፣ የመልእክቱ አካል ገና ሳይገባ፣ ሰርቨሩ ስሙን ከመዝገቡ ያመሳክር፤ ከሌለ «550 5.1.1» (ተቀባዩ የለም) ብሎ ይመልስ፣ አለቀ። ሁሉን ተቀብሎ ኋላ «ተቀባዩ አልተገኘም» የሚል ሰርቨር ጦሱ ለሌላ ይተርፋል፦ አይፈለጌ መልእክት የሚበትን ሰው የሌላውን አድራሻ ሰርቆ ስለሚልክ፣ መልሱ የሚወርደው ምንም በማያውቅ ሰው ሳጥን ላይ ነው። መሥሪያ ቤቱም ራሱ እንደ አጥፊ ተቆጥሮ ጥቁር መዝገብ ላይ ሊሰፍር ይችላል። እርግጥ ይህ የተቀባይ ማጣሪያ የራሱ ቀዳዳ አለው፤ አበበ፣ አልማዝ፣ አስቴር እያለ የሚሞክር ማሽን ማን እንዳለ ለቅሞ ይወጣል። ለዚህም የማይክሮሶፍቱ የኢሜይል ሰርቨር ኤክስቼንጅ ለተሳሳተ አድራሻ የሚሰጠውን መልስ 5 ሰከንድ ያዘገያል። በአንድ መስመር መቶ ሺህ ስም ለሚሞክር፣ ይህ ከአምስት ቀን በላይ ይፈጃል። ትክክለኛ አድራሻ ይዞ የሚመጣውን ቆሻሻ ግን ማጣሪያው አያስቆምም፤ እሱ ሌላ ማጣሪያ ይሻል። በደብረ ታቦርም በአዲስ ዘመንም ሰርቨር የምትጠብቁ ባለሙያዎች፣ መጀመሪያ የለቀቁ ሠራተኞችን ስም ከመዝገቡ አውጡ፤ ከዚያ ማጣሪያውን አብሩት።